የቢሮና የንግድ ሕንፃ ብላይንድ መጋረጃ አያያዝና ጥገና፦ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በአካባቢው ሕንፃ ለምታስተዳድሩ

«ወንድሜ፣ የቢሮው መጋረጃ አልዞር ብሏል። አውልቀን አዲስ እናስገጥም ወይ?»

ይህ ጥያቄ ከደሴ ፒያሳም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከወልድያም ይደርሰኛል። የሚጠይቁት የሕንፃ አስተዳዳሪዎች፣ የንብረት ክፍል ሠራተኞች፣ የክሊኒክ ባለቤቶች፣ አንዳንዴም ጽዳቱን የያዙ እናቶች ናቸው። መልሴ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ አብሽሩ፣ አታውልቁት። አልዞር ያለ ብላይንድ አብዛኛውን ጊዜ ቆሽሿል፣ ወይም ያለ አግባቡ ተስቧል። ሁለቱም ይስተካከላሉ። በስልክ እየቆራረጥኩ ከምነግራችሁ ሁሉንም እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

መጀመሪያ፣ የእናንተ የትኛው ዓይነት ነው?

በሕንፃዎቻችን ላይ በብዛት ያሉት ሦስት ናቸው።

ቨርቲካል፦ ከላይ ካለው ሐዲድ ወደ ታች የተንጠለጠሉ ረጃጅም ጥብጣቦች ያሉት ነው። ጥብጣቡ ጨርቅ ወይም ፕላስቲክ ይሆናል። የተለመደው ስፋት 89 ሚሊ ሜትር ሲሆን 127 ሚሊ ሜትር የሆነም አለ። በባንክና በመንግሥት መሥሪያ ቤት የምታዩት በአብዛኛው ይሄ ነው።

አግዳሚ፦ ቀጫጭን የአልሙኒየም ላሜራዎች በገመድ ተደርድረው የሚወጡና የሚወርዱበት ነው። የላሜራው ስፋት ብዙ ጊዜ 25 ሚሊ ሜትር ነው።

ሮለር፦ አንድ ወጥ ጨርቅ በቱቦ ላይ የሚጠቀለልበት ነው። በጎን ባለው የዶቃ ሰንሰለት ይሠራል። ዜብራ የሚባለው ባለ ሁለት ድርብም በዚሁ ይጠቃለላል።

ዓይነቱን ሳትለዩ ጥገና አትጀምሩ። ለአልሙኒየሙ የሚሆነው እርጥብ ጽዳት የቨርቲካሉን ጨርቅ ያበላሸዋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ሁለት እግር ያለው ተከፋች መሰላል (ወንበር ወይም ጠረጴዛ አይተካውም)
- ለስላሳ ብሩሽ ወይም የቀለም ቡርሽ፣ ያልተነካ አዲስ
- የማያራግፍ ጨርቅ ወይም አሮጌ ካናቴራ፣ ቢያንስ ሦስት
- ሁለት ባልዲ፣ ስፖንጅ፣ መደበኛ ፈሳሽ ሳሙና
- ቫኪዩም ካለ ከነብሩሽ አፉ (መብራት ቢጠፋም ሥራው እንዳይቆም ብሩሹን ሁልጊዜ ያዙ)
- የሲሊኮን ስፕሬይ
- ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መቀስ፣ ሜትር፣ ውሃ ልክ
- ጥንካሬ ያለው ናይለን የብላይንድ ገመድ፣ ትርፍ መንጠቆ፣ የታች ክብደትና የታች ሰንሰለት
- የወረቀት መብሻ (ፐርፎሬተር)፣ ወፈር ያለ ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ፣ ሱፐር ግሉ
- ያረጀ የፕላስቲክ መታወቂያ ወይም ካርድ
- የአፍ መሸፈኛና ጓንት
- አንድ ደብተርና ፓርከር

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማስጠንቀቂያ

መሰላል ላይ የሚወጣ ሰው ብቻውን አይሁን። አንድ ሰው ከታች ይያዝለት። በተለይ ሦስተኛና አራተኛ ፎቅ ላይ መስኮቱ ክፍት ሆኖ መሰላል ከጎኑ አታቁሙ። መጀመሪያ መስኮቱን ዝጉና ቆልፉ። ግድግዳ ላይ የሚደገፍ መሰላል ብቻ ካላችሁ፣ ለእያንዳንዱ 4 ሜትር ከፍታ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። ከዚያ ቀጥ ካለ ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ በጣም ከተጋደመ ደግሞ እግሩ ይንሸራተታል።

በሞተር የሚሠራ ሮለር ካላችሁ ምንም ከመንካታችሁ በፊት መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉ።

በልጆች አካባቢ ያለ የተንጠለጠለ ገመድ ለብቻው አደጋ ነው። እሱን በደረጃ 8 በሰፊው አነሳዋለሁ፤ መዋዕለ ሕፃናት ወይም ክሊኒክ ያላችሁ ግን ዛሬውኑ ወደዚያ እለፉና መጀመሪያ እሱን ጨርሱ።

ደረጃ 1፦ ቁጥር ስጡ፣ መዝግቡ

ሕንፃው ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ብላይንድ ቁጠሩ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡት። 3-05-2 ስትሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ክፍል 05፣ ከበሩ ሲቆጠር ሁለተኛው መስኮት ማለት ይሁን። ቁጥሩን በፓርከር ሐዲዱ ጀርባ ላይ፣ ከክፍሉ በማይታይበት ቦታ ጻፉት።

ደብተሩ ላይ ከቁጥሩ ጎን ዓይነቱን፣ ወርዱን፣ ቁመቱን፣ ቀለሙን፣ መሳቢያው ያለበትን ጎን (ግራ ወይስ ቀኝ) እና ያለበትን ጉድለት አስፍሩ።

ጥቅሙ ምንድን ነው? መለዋወጫ በየሱቁ አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ማስመጣት ሊያስፈልግ ይችላል። «መጋረጃው ተበጠሰ» ብላችሁ ከደወላችሁ ዕቃው ሳይስማማ ይመጣል፣ መመለሻውም ሌላ ጣጣ ነው። «89 ሚሊ፣ ቁመት 2.10 ሜትር፣ መሳቢያ ቀኝ» ካላችሁ ግን በአንድ ጊዜ ተልኮ ያልቃል። በተጨማሪም ተከራይ ሲወጣ ምን እንደተረከበና ምን እንደሚመልስ አያከራክርም።

ደረጃ 2፦ ከማጽዳት በፊት ሞክሩት

ጥብጣቡን ወይም ላሜራውን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ አዙሩ። ከዚያ ወደ ሌላው። ቀጥሎ ክፍት አድርጋችሁ ወደ ጎን ሰብስቡት ወይም ወደ ላይ አውጡት። የሚንቀጫቀጭ፣ የሚይዝ ወይም ወደ ኋላ የሚቀር ካለ የቱ ጋ እንደሆነ መዝግቡ።

ይህን አስቀድሞ ማድረግ የሚጠቅመው ጉዳቱ ከጽዳቱ በፊት የነበረ መሆኑ እንዲታወቅ ነው። አለዚያ ሁሉም ነገር በጽዳት ሠራተኛዋ ይሳበባል፤ ይህ ደግሞ ግፍ ነው።

ደረጃ 3፦ ደረቁን አቧራ አስወግዱ

ከሁሉም ሥራ ፈጽሞ መዝለል የሌለባችሁ ይህ ነው።

1. ጥብጣቡን ወይም ላሜራውን ዝጉት፣ አንድ ወጥ ገጽ ይሁን።
2. ከሐዲዱ አናት ጀምሩ። ብሩሹን ከግራ ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱ። አቧራው ወደ ታች ስለሚወርድ ከታች ከጀመራችሁ ሁለቴ ትሠራላችሁ።
3. ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። ለቨርቲካል በጥብጣቡ ርዝመት ልክ ከላይ ወደ ታች፣ ለአግዳሚ በላሜራው ወርድ ልክ ወደ ጎን ጥረጉ።
4. ወደ ሌላኛው ፊት አዙሩና ድገሙ።
5. በመጨረሻ የመስኮቱን ደፍና ወለሉን ጥረጉ።

ውሃ ከአቧራው ቀድሞ ከነካው ጭቃ ይሆናል። ጭቃው የጨርቁ ድር ውስጥ ገብቶ ቡናማ መስመር ይተዋል፣ መስመሩም አይለቅም። በበጋ ወራት በኮምቦልቻ ዋናው መንገድ ዳር ያሉ ሕንፃዎች ላይ ጣታችሁን ሐዲዱ አናት ላይ ብታሳርፉ የአቧራውን ውፍረት ታዩታላችሁ። ያ ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ተንሸራታቾቹን (ጥብጣቦቹን ይዘው ሐዲዱ ውስጥ የሚሄዱትን) የሚያንቀው ነው።

ካናቴራው ላይ ጥቂት ውሃ ነክቶ አቧራ መጥረግም ስህተት ነው። ደረቅ ማለት ደረቅ ነው።

ደረጃ 4፦ እርጥብ ጽዳት፣ እንደየዓይነቱ

ለ5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። ሳሙና ከበዛ ሙልጭልጩ ገጹ ላይ ይቀርና አዲስ አቧራ ይስባል። ሁለተኛው ባልዲ ንጹሕ ውሃ ይያዝ። ውሃ በፈረቃ የሚደርሳችሁ ከሆነ ይህን ሥራ ውሃ በሚመጣበት ቀን መድቡት፤ ሳሙናውን ሳያስለቅቁ መተው ከመቆሸሹ ይብሳል።

*አልሙኒየም ላሜራ፦* እርጥብ ስፖንጅ በደንብ ጨምቃችሁ እያንዳንዱን ላሜራ ከመሃል ወደ ጫፍ ጥረጉ። በሌላው እጃችሁ ላሜራውን ከታች ደግፉት፤ ካልተደገፈ ይታጠፋል፣ አንዴ የታጠፈ አልሙኒየም ደግሞ ምልክቱ አይጠፋም። ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ።

*ፕላስቲክ ጥብጣብ፦* እንደ አልሙኒየሙ ነው። ሙቅ ውሃ ግን አትጠቀሙ፣ ፕላስቲኩ ይጣመማል።

*ጨርቅ ጥብጣብ፦* አትዘፍዝፉ። በማሽንም አትጠቡ። ጨርቁ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ማጠንከሪያ ስለተቀባ ነው። ከተዘፈዘፈ ማጠንከሪያው ይለቅና ጥብጣቡ ይልፈሰፈሳል፣ ጠርዙም ይተረተራል። እድፍ ካለበት ቦታው ላይ ብቻ በሳሙና ውሃ እርጥብ ባለ ስፖንጅ መታ መታ አድርጉ። አትሹት፣ ሲታሽ እድፉ ይሰፋል። ቀጥሎ በደረቅ ጨርቅ ተጭናችሁ ውሃውን አውጡ።

*ሮለር፦* ሙሉ በሙሉ አውርዱት። በጣም በተጨመቀ ስፖንጅ ከላይ ወደ ታች አንዴ ብቻ እለፉበት። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትጠቅልሉት።

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ለደሴ ሰዎች ከሌላው በላይ ታስፈልጋለች። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በክረምት ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማዋ ላይ ይተኛል፣ እርጥበቱም ክፍል ውስጥ ይቆያል። እርጥብ ሆኖ የተጠቀለለ ሮለር ውስጥ ሻጋታ ይጀምራል፣ ጥቁር ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በደሴ እርጥብ ጽዳት ከሐምሌና ነሐሴ ውጭ ይሁን። ግድ ከሆነ ጠዋት ሠርታችሁ ማታ ድረስ ዘርግታችሁ ተዉት። ኮምቦልቻ ከዚያ ዝቅ ያለችና ሞቃት ስለሆነች ይህ ብዙም አያሳስብም።

*አትጠቀሙ፦* በረኪና፣ ሻካራ የዕቃ ማጠቢያ ሽቦ፣ ቤንዚን፣ ቲነር። በረኪና የጨርቁን ቀለም ይበላል፣ ቲነር ደግሞ የአልሙኒየሙን ቀለም ያነሳል። መስታወት ማጽጃም መጋረጃው ተዘርግቶ እያለ አይረጭ፤ መጀመሪያ ሰብስቡት፣ ከዚያ መስታወቱን ጥረጉ።

ደረጃ 5፦ ሐዲዱን አጽዱ

ብላይንድ «አልሳብ አለ» ሲባል ብዙ ጊዜ ችግሩ ያለው እዚህ ነው።

1. ጥብጣቦቹን ወደ አንድ ጎን ሰብስቡ። በባዶው የሐዲድ ክፍል ውስጥ ብሩሽ አስገብታችሁ አቧራውን አውጡ። ቫኪዩም ካላችሁ እዚህ ላይ ነው የሚጠቅማችሁ።
2. ወደ ሌላው ጎን ሰብስቡና የቀረውን ድገሙ።
3. የሲሊኮን ስፕሬይ ቁራጭ ጨርቅ ላይ ነክታችሁ የሐዲዱን የውስጥ ከንፈር በስሱ ቀቡ። በቀጥታ ወደ ሐዲዱ አትርጩ፤ ጨርቁ ላይ ካረፈ የቅባት እድፍ ይሆናል።
4. አራት አምስት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ሳቡት።

የሞተር ዘይት፣ ግሪስ ወይም የምግብ ዘይት አታድርጉ። ለሁለት ሳምንት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል፣ ከዚያ አቧራ ይዞ ይጠጥራል። ዘይት የተቀባ ሐዲድ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ በሳሙና ውሃ በተነከረ ጨርቅ ዘይቱን አስለቅቁ፣ አድርቁ፣ ከዚያ ወደ ሲሊኮኑ እለፉ።

ደረጃ 6፦ የተለመዱ ብልሽቶች ጥገና

*ቨርቲካል፦ አንዳንዱ ጥብጣብ ዞሮ ሌላው ቀርቷል*

ብዙ ሰው ወደ ኋላ የቀረውን በእጁ ይዞ ያጠመዝዘዋል። ተዉት፣ መንጠቆው ይሰበራል። ይልቅ የማዞሪያውን ሰንሰለት ወደ አንድ አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ሳቡ። ከቆመ በኋላም በቀስታ ሳቡት፣ አትንጠቁት። ተንሸራታቾቹ ውስጥ ያለው ጥርስ እንዲንሸራተት ተደርጎ ስለተሠራ፣ ቀድመው የደረሱት ሲቆሙ ወደ ኋላ የቀሩት ይደርሱባቸዋል። ሁሉም ሲስተካከሉ ወደ ሌላው አቅጣጫ ሙሉ በሙሉ አዙሩና አረጋግጡ። ካልሆነ አንዴ ድገሙት።

*ቨርቲካል፦ ጥብጣቡ ወድቋል*

ፕላስቲክ ከሆነ የላይኛውን ቀዳዳ እዩ። ካልተቀደደ ጥብጣቡን ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ መንጠቆው ውስጥ አስገቡት፣ «ቀጭ» ብሎ ይይዛል። ከተቀደደ ከወፍራም ብርሃን አስተላላፊ ፕላስቲክ (የማኅደር ሽፋን ጥሩ ነው) 3 በ4 ሳንቲ ሜትር ቁረጡ። የተቀደደው ላይ በሱፐር ግሉ ለጥፉ። ሲደርቅ በወረቀት መብሻ ቀዳዳውን በቀድሞው ልክ ብሱት። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነው፤ ለእሱ ሲባል ሙሉ መጋረጃ ሲጣል ማየት ያናድደኛል።

ጨርቅ ከሆነ አናቱ ኪስ ውስጥ የገባ ፕላስቲክ ማንጠልጠያ አለ። የሚሰበረው እሱ ነው፣ ጨርቁ ደህና ነው። ማንጠልጠያውን ብቻ ቀይሩ።

ደህናውን ጥብጣብ ለማውረድ ስትፈልጉ አትጎትቱት። አሮጌውን መታወቂያ በመንጠቆውና በጥብጣቡ መሃል ከታች ወደ ላይ አስገቡ። ካርዱ የመንጠቆውን ከንፈር ገፋ ሲያደርገው ጥብጣቡን በካርዱ ላይ አንሸራታችሁ አውርዱ።

*ቨርቲካል፦ ጥብጣቦቹ በነፋስ ይወዛወዛሉ፣ ይጠላለፋሉ*

የታች ክብደት ወይም የታች ሰንሰለት ጠፍቷል ማለት ነው። ክብደቱ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሰንሰለቱ ርቀታቸውን ይጠብቃል። ሁለቱንም መልሱ። ጽዳት ላይ ክብደቶቹን በአንድ ላይ ላስቲክ ውስጥ አስቀምጡ፣ መሬት ላይ ከተበተኑ ይጠፋሉ።

*አግዳሚ፦ አልወርድ አለ*

ገመዱ ከላይ ሐዲዱ ውስጥ ባለው የገመድ መቆለፊያ ተይዟል። ገመዱን ትንሽ ወደ ታች ሳቡ፣ ከዚያ ወደ መጋረጃው መሃል አዘንብላችሁ በቀስታ ልቀቁ። ካልለቀቀ መቆለፊያው ውስጥ አቧራ ወይም የተበጣጠሰ ክር አለ። በብሩሽ አጽዱት።

*አግዳሚ፦ ገመዱ ሳስቷል ወይም ተበጥሷል*

ሳይበጠስ የቀየራችሁት እንደሆነ ሥራው ቀላል ነው። አሮጌው ገመድ አዲሱን ይመራዋል።

1. መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ አውርዱ። በታችኛው ዘንግ ሥር ያለውን ቡሽ አውጡና ቋጠሮውን ፈልጉ።
2. ቋጠሮውን ቁረጡ። የአዲሱን ገመድ ጫፍ ከአሮጌው ጫፍ ጋር በመርፌና ክር ሰፍታችሁ አገናኙ። መጋጠሚያው ከገመዱ ውፍረት እንዳይበልጥ፤ ከበለጠ በላሜራው ቀዳዳ አያልፍም።
3. አሮጌውን ገመድ ከላይ በኩል፣ ከመሳቢያው ጎን በቀስታ ሳቡት። አዲሱ ተከትሎት ይገባል።
4. አንዱን ጨርሳችሁ ነው ወደ ሌላው ገመድ የምትሄዱት። ሁለቱን በአንዴ ካወጣችሁ መንገዱ ይጠፋችኋል።
5. አዲሱን ቋጥሩ። የናይለን ጫፉን በላይተር ለኮስ አድርጉት፣ እንዳይተረተር።

*አግዳሚ፦ ላሜራው ታጥፏል*

ከታች በኩል ብዙ ጊዜ ትርፍ ላሜራዎች ተደራርበው አሉ። የታችኛውን ቋጠሮ ፈትታችሁ ገመዱን እስከ ታጠፈው ላሜራ ድረስ ወደ ላይ አውጡ። የታጠፈውን ወደ ጎን ሳቡና አውጡ፣ ከታች ካሉት አንዱን በቦታው አስገቡ። የታጠፈው ወደ ታች ይሂድ፣ እዚያ አይታይም።

*ሮለር፦ ሲጠቀለል ወደ አንድ ጎን ይሄዳል*

መጀመሪያ ውሃ ልክ ቱቦው ላይ አስቀምጡ። መያዣው ከተዛነፈ እሱን አስተካክሉ፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ እዚያ ያልቃል። ልኩ ደህና ሆኖ ጨርቁ ወደ ግራ የሚሄድ ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውርዱና ቱቦው ላይ በቀኝ ጫፍ አንድ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፉ። ወደ ቀኝ ከሄደ በግራ። ጨርቅ ወፈር ወዳለው የቱቦ ጎን ስለሚሳብ ወደ መሃል ይመለሳል። አንድ ቁራጭ ካልበቃ ሁለተኛ ጨምሩ። ሳይስተካከል አትተዉት፤ የጨርቁ ጠርዝ መያዣውን እየታከከ ይተረተራል።

*ሮለር፦ ሰንሰለቱ ይንሸራተታል*

በጎን ያለው የፕላስቲክ ማዞሪያ ጥርሱ አልቋል። በሙጫ አይጠገንም። ማዞሪያው ለብቻው ይቀየራል፣ የቱቦውን የውስጥ ስፋት ለክታችሁ ግዙ።

ደረጃ 7፦ የግድግዳ መያዣውን አጥብቁ

በየስድስት ወሩ ሐዲዱን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ታች ቀለል አድርጋችሁ ሳቡ። ከተነቃነቀ ብሎኑን ከማጥበቃችሁ በፊት አውጥታችሁ ፊሸሩን (ብሎኑ የሚገባበትን ፕላስቲክ) እዩ።

ግድግዳችን በአብዛኛው ባዶ ሆድ ብሎኬት ነው። አጭር ፊሸር የሚይዘው ልስኑን ብቻ ነው። ሰዎች በጉልበት ሲስቡት ልስኑ ከነፊሸሩ ይመጣል። ለብሎኬት የሚሆን ረጅም ፊሸር ተጠቀሙ፤ ከተቻለ ከመስኮቱ በላይ ያለው ኮንክሪት ላይ ብሱ። ኮርኒሱ ጂፕሰም ከሆነ ለጂፕሰም የተሠራውን ማያያዣ፣ ካልሆነ ከኋላ ያለውን የብረት ወይም የእንጨት ማገር ፈልጉ። የሰፋውን ቀዳዳ በክብሪት እንጨት ሞልቶ ብሎን መምታት በእኛ አገር የተለመደ ነው፣ ግን ከሰው ራስ በላይ ለሚንጠለጠል ዕቃ አይሆንም።

ደረጃ 8፦ ገመድና ሰንሰለት ከልጆች ይራቅ

ክብ ሆኖ የተንጠለጠለ ገመድ ትንሽ ልጅ አንገት ውስጥ ሊገባ ይችላል። ልጁ ድምፅ ሳያሰማ በደቂቃዎች ውስጥ ይታነቃል። ክሊኒክ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ ፎቶ ቤት፣ ሴቶች ልጅ ይዘው የሚመጡበት የአገልግሎት መስኮት፣ እነዚህ ሁሉ ይመለከታቸዋል።

- የአግዳሚውን ገመድ የሚጠመጥም ማሰሪያ ግድግዳ ላይ፣ ከወለሉ ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ አድርጋችሁ ምቱ። ሁልጊዜ ይጠምጠም።
- የቨርቲካልና የሮለር ሰንሰለት ከታች በኩል ግድግዳ ላይ በሚመታ መያዣ ተወጥሮ ይታሰር። ተወጥሮ ከቆመ ራስ የሚያስገባ ቀለበት አይፈጠርም።
- ወንበር፣ ሶፋና የሕፃን አልጋ ከመሳቢያው ሥር ይነሳ።
- ገመድ ሲረዝም በቋጠሮ አታሳጥሩ፣ ቋጠሮው ራሱ ቀለበት ይሆናል። ቁረጡት።

ደረጃ 9፦ ተጠቃሚዎቹን አስተምሩ

ጥገናው ምንም ያህል ቢሠራ በየቀኑ የሚስበው ሰው ካላወቀ ከሳምንት በኋላ እዚያው ናችሁ። በየክፍሉ መሳቢያው አጠገብ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ፦

«መጀመሪያ አዙረው፣ ከዚያ ሳበው።»

ጥብጣቡ ተዘግቶ እያለ ወደ ጎን ከተሳበ አንዱ በሌላው ላይ ይጋጫል፣ መንጠቆዎቹም አንድ በአንድ ይሰበራሉ። ብርሃን ወደሚያስገባበት አቅጣጫ ዞሮ ሲከፈት ግን ያለ ምንም ጉልበት ይሰበሰባል። ቨርቲካል ያላችሁ ይህችን አንድ ነገር ብቻ ብታስለምዱ የመለዋወጫ ወጪያችሁ በግልጽ ይቀንሳል።

ሌሎቹም አሉ። መስኮት ሲከፈት መጋረጃው ይሰብሰብ፣ ነፋስ ጥብጣቡን ከመስኮቱ እጀታ ጋር ያጋጨዋል። ገመዱ ቀጥታ ወደ ታች ይሳብ፣ ወደ ጎን እየተጎተተ አይደለም። የቡና ከሰል ከመጋረጃው ሥር አይቀጣጠል። ቡናው እንዲቀር አይደለም፤ ምድጃው ከመስኮቱ ራቅ ይበል። ጭሱ ጨርቁን ያጠቁራል፣ ፍንጣሪ ደግሞ እሳት ያስነሳል።

ፀሐይን በተመለከተም አቅጣጫውን እወቁ። ወሎ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ቀትር ላይ ፀሐይ ወደ አናታችን ትጠጋለች። በመስኮት ገብታ የምታስቸግረው በምሥራቅ ጠዋት፣ በምዕራብ ከሰዓት በኋላ ነው። በታኅሣሥና ጥር ደግሞ በደቡብ መስኮት ቀኑን ሙሉ ትገባለች። ለጥበቃው ወይም ለጽዳት ሠራተኛዋ ይህን ንገሩ፦ የምሥራቁ ጠዋት ይዘጋ፣ ረፋዱ ካለፈ ይከፈት፣ የምዕራቡ በተቃራኒው። በዚህ ከፍታ ፀሐይ ቀለም ትነጥቃለች። ጥብጣቦቹን አልፎ አልፎ ወደ ሌላኛው ፊት አዙሩ፣ አንድ ጎን ብቻ እንዳይነጣ።

ደረጃ 10፦ የጊዜ ሰሌዳ

በየሳምንቱ፦ ደረቅ ብሩሽ፣ መንገድ ዳርና መሬት ቤት ላሉት። ከሦስተኛ ፎቅ በላይ በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃል።

በየሦስት ወሩ፦ ሐዲድ፣ ሲሊኮን፣ የገመድ ፍተሻ።

በዓመት ሁለቴ፦ እርጥብ ጽዳትና የመያዣ ፍተሻ። እኔ የምመርጠው ጥቅምትና ግንቦትን ነው። በጥቅምት ክረምቱ አልቆ አየሩ ይደርቃል፣ በመስኮት የገባ ዝናብ የተወው እድፍም በግልጽ ይታያል። በግንቦት ደግሞ የበጋው አቧራ ክረምት ሳይገባ ይነሳል፤ አለበለዚያ የክረምቱ እርጥበት አቧራውን ጨርቁ ላይ ያጣብቀዋል።

ነሐሴ ላይ፦ ደሴ ያላችሁ ከመጋረጃው ጀርባ መስታወቱን እዩ። ውሃ ካዘለ ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ሰብስባችሁ ክፍሉን አናፍሱ።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- ጨርቁን አውልቆ ኦሞ ውስጥ መዘፍዘፍ።
- ተበጥሶ የቀረ ገመድ ይዞ «ነገ እንሠራዋለን» ብሎ በአንድ ገመድ ማንጠልጠል። ክብደቱ በአንድ ጎን ሲሆን ላሜራዎቹ ሁሉ ይታጠፋሉ።
- የአንዱን ክፍል ጥብጣብ ወስዶ ለሌላው ማሟያ ማድረግና አለመመዝገብ።
- አዲስ ሲገዛ ትርፍ አለመጠየቅ። ቀለሙ በሚቀጥለው ዓመት ላይገኝ ይችላል። ለእያንዳንዱ ክፍል ቢያንስ ሁለት ሦስት ትርፍ ጥብጣብና መንጠቆ በውሉ ላይ ይካተት።
- ተከራይ በራሱ የተለያየ ቀለም እንዲያስገጥም መፍቀድ። ከውጭ የሕንፃው ገጽ ይዥጎረጎራል። ወደ መስታወቱ የሚታየው ፊት አንድ ቀለም እንዲሆን ኪራይ ውሉ ላይ ጻፉት።

ደረጃ 11፦ መቀየር ግድ ሲሆን ልኬቱን ራሳችሁ ውሰዱ

ሐዲዱ ከታጠፈ፣ የውስጥ የማዞሪያ ዘንጉ ከተሰበረ፣ ጨርቁ ስትነኩት የሚቀደድ ከሆነ ወይም ሻጋታው በጽዳት ካልለቀቀ ቀይሩት።

1. ወርዱን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ለኩ። ቁመቱንም ከግራ፣ ከመሃልና ከቀኝ። የመስኮት ክፈፍ ቀጥ ያለ ቢመስልም ብዙ ጊዜ ልዩነት አለው።
2. ክፈፉ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ትንሹን ወርድ ያዙና 1 ሳንቲ ሜትር ቀንሱ፣ ጠርዙ እንዳይታከክ።
3. ከክፈፉ ውጭ ግድግዳ ላይ የሚንጠለጠል ከሆነ በግራና በቀኝ 10 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። ካልጨመራችሁ ፀሐይ በጎን ትገባለች።
4. ለቨርቲካል ከደፉ ወይም ከወለሉ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ተዉ። መሬት የሚጠርግ ጥብጣብ ከታች ይቆሽሻል፣ ሲዞርም ይይዛል።
5. የመስኮቱ እጀታ ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደሚወጣ ለኩ። 89 ሚሊ ሜትር ጥብጣብ ሲዞር ከሐዲዱ መሃል 4.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መስኮቱ ይሄዳል። እጀታው 5 ሳንቲ ሜትር ከወጣ የሐዲዱ መሃል ከመስታወቱ ክፈፍ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር መራቅ አለበት።
6. መሳቢያው በየትኛው ጎን እንደሚሆን ወስኑ። ጠረጴዛ ወይም ፋይል ካቢኔ የማይዘጋው ጎን ይሁን፤ ሰው ዕቃ ላይ ተንጠራርቶ ሲስብ ነው ሐዲዱን የሚነቅለው።
7. ሁሉንም በሚሊ ሜትር ጽፋችሁ ከደብተሩ ቁጥር ጋር ለሠሪው ስጡ። አሮጌውን ከመጣላችሁ በፊት ደህናዎቹን መንጠቆዎች፣ ክብደቶችና ሰንሰለቶች ነቅላችሁ በካርቶን አስቀምጡ፣ ካርቶኑም ላይ ዓይነቱንና ስፋቱን ጻፉበት።